የመንግሥት በርጩማ

ያ አገር የት እንደሆነ አልናገርም። ብናገርም እዚያ የኖረ ያውቀዋል፣ ያልኖረ ደግሞ አያምነኝም። እኔ በዚያ አገር፣ በደጅ ጥናት መሥሪያ ቤት አጥር ሥር፣ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ስለ ራሴ ይህ ይበቃል። ታሪኩ የስንቅነሽ ነው፤ እኔ የገባሁበት ብዕር ስላለኝና አርፌ መቀመጥ ስለማልችል ነው።

በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን ሥርዓት ላስረዳ። በዚያ አገር ጉዳይ ያለው ሰው፣ ጉዳዩ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ከመሰማቱ በፊት ስድሳ ጠዋት በተከታታይ በደጁ ይቆማል። «ስድሳ ቀን ያልቆሙለት ጉዳይ የምር ጉዳይ አይደለም» ይላሉ የጥንት ሰዎች፤ የጥንት ሰዎች መቼም ጉልበት ነበራቸው። ለእያንዳንዱ ደጅ ጠኚ አንድ ክር ይሰጠዋል። ቆጣሪው በየጠዋቱ እየዞረ፣ ቆሞ ያገኘውን ሰው ክር አንድ ጊዜ ይቋጥርለታል። ሰውየው ከፀሐይ መውጫ እስከ እኩለ ቀን ካልቆመ ግን ክሩ በመቀስ ይቆረጣል፣ ቆጠራውም ከአንድ ይጀምራል።

መሬት ላይ ቁጭ ያለ ሰው እቤቱ እንዳለ ይቆጠራል። ከቤቱ ባመጣው በርጩማ ላይ የተቀመጠም እንደዚሁ፤ የራሱ ዕቃ ላይ የተቀመጠ ሰው ከቤቱ ወጣ አይባልም። በመንግሥት ዕቃ ላይ የተቀመጠ ግን እንደቆመ ይቆጠራል፤ የመንግሥት ዕቃ ምንጊዜም በሥራ ላይ ነውና። ይህ ሁሉ በመመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። መሥሪያ ቤቱ ግን አንድም መቀመጫ አልነበረውም።

ጋሽ ይመኑ የስንቅነሽ አባት ናቸው። ከከተማው በታች፣ ከቦዩ ዳር፣ ሽንኩርትና ጎመን የሚያበቅሉባት መደብ አለቻቸው። የመስኖው ውሃ በተራ ነው፤ የእሳቸው ተራ ሐሙስ ነበር። ታዲያ የውሃው መዝገብ አርጅቶ ወደ አዲስ መዝገብ ሲገለበጥ፣ ገልባጩ ሐሙስን ዘለለው። ከዚያ በኋላ ሳምንቱ ስድስት ቀን ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ውሃው የማንም ስላልሆነ፣ የቦዩ ጠባቂ ወደ ወንዝ ይለቀዋል። ጋሽ ይመኑ መደባቸው ዳር ቆመው ውሃው ሲያልፍ ያያሉ፣ ጎመኑም አብሯቸው ያያል።

ሐሙስ ወደ መዝገቡ እንዲመለስ ደጅ ጥናት ጀመሩ። በመጀመሪያው ዙር በሠላሳ ሰባተኛው ጠዋት ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ፤ ክሩ ተቆረጠ። በሁለተኛው ዙር ሃምሳ አንድ ደርሰው ነበር። ቆጣሪው መቀሱን ሲያወጣ ዞር ብሎ አፍንጫውን እንደጠረገ አይቻለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ መሥሪያ ቤት ክፉ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እሱም ነው የባሰው።

ሦስተኛው ክር በተሰጣቸው ቀን ስንቅነሽ እኔ ዘንድ መጣች። ባሏ በርጩማ ጠራቢ ነበር፤ ሲሞትባት መጥረቢያውንና መሮውን አንስታ ሥራውን ቀጠለች። ዋንዛ እንደ እሷ የሚታዘዝለት ሰው በከተማው አልነበረም። ቁጡ ናት፣ ስትናገርም አትቀባባም።

«ጋሼ፣ ማመልከቻ ይጻፉልኝ» አለች።

«ለማን?»

«ለመሥሪያ ቤቱ። በርጩማ ላቀርብላቸው ነው።»

«በርጩማ አምጪ ብለውሻል?»

«አላሉኝም። አባቴ የሚቀመጠው የመንግሥት በርጩማ ሲገኝ ነው። በርጩማ እኔ አለኝ፤ የቀረው የመንግሥት ማድረግ ነው። ሌላ መንገድ ካለ ይንገሩኝ።»

አሰብኩ። ሌላ መንገድ አልነበረም።

ደግነቱ መሥሪያ ቤቱ አርባ መቀመጫ ለመግዛት ጨረታ አውጥቶ ነበር፤ ካወጣው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ማስታወቂያው የተለጠፈው በትልቁ በር በውስጠኛው ገጽ ነው። በሥራ ሰዓት በሩ ተከፍቶ ወደ ግድግዳው ስለሚጠጋ ማስታወቂያው ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ይፋጠጣል። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ውጭ ያለነው አናየውም። እኔ ያወቅኩት አንድ ቀን ቀለም ልለምን ገብቼ በር ስለተዘጋብኝ ነው። ተጫራች ባለመገኘቱ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ማዘኑን ይገልጻል።

መዝጋቢው ዘንድ አብሬያት ገባሁ። መዝጋቢው ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ ሰው ላለማስቀየም የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

«ከዚህ በፊት ለመሥሪያ ቤታችን ያቀረቡት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«የለም።»

«እንግዲያው በጣም አዝናለሁ። ማቅረብ የሚችለው አቅርቦ የሚያውቅ ብቻ ነው።»

«የመጀመሪያው አቅራቢስ እንዴት አቀረበ?»

«እሱ ከመመሪያው በፊት ነው። ነፍሱን ይማረው» አለና አንገቱን ደፋ።

ስንቅነሽ ጠረጴዛውን ልትገለብጠው ምንም አልቀራት። እጇን ይዤ አወጣኋት። በማግስቱ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የምኮራበትን ደብዳቤ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ «የአመልካቿ ቤተሰብ፣ በተለይም ወላጅ አባቷ አቶ ይመኑ፣ ለመሥሪያ ቤቱ በደጁ የመቆም አገልግሎት ለሁለት ዙር በጥራትና በትዕግሥት ያቀረበ ሲሆን፣ በአሁኑ ሰዓትም ሦስተኛውን በማቅረብ ላይ ይገኛል። ደጅ ጠኚ ከሌለ ደጅ ጥናት አይኖርምና፣ ይህ አቅርቦት ለመሥሪያ ቤቱ ህልውና መሠረት መሆኑ ታውቆ እንደ ልምድ ይያዝልን።»

መዝጋቢው ሦስት ጊዜ አነበበው። ቆጣሪውን አስጠራ፤ ሁለቱ የተቆረጡ ክሮች ከማኅደር ወጥተው ቋጠሮአቸው ተቆጠረ። «ትክክል ነው፣ ሰማንያ ስምንት ጠዋት» አለ። ከዚያ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ልምዱ ጥሩ ነው። እንዲያውም ከዚህ የበለጠ ያቀረበልን የለም» አለና መዘገባት። እኔ ያን ቀን ስሄድ መሬት አልነካሁም። ሰው በብልሃቱ ሲደሰት ከኋላው ምን እንደሚከተለው አያይም።

ጨረታ እንዲከፈት ሦስት ተጫራች ያስፈልጋል ተባለ። ስንቅነሽ የራሷን ባላንጣ ፍለጋ ከተማውን ዞረች። ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ አልጣሽ፣ እሷም የራሷ ጉዳይ ኖሯት ደጅ የምትጠና፣ «የጭቃ መቀመጫ አቀርባለሁ፣ ካሸነፍኩሽ ግን እንዳታኮርፊ» ብላ ገባች። ሦስተኛ ጠፋ። ሲቸግር እኔ ራሴ ተጫረትኩ። ያቀረብኩት የምቀመጥበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

ናሙናዎቹን የሚመረምረው የናሙና ሹም ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገቡን በእጁ ደግፎ የሚሄድ ሰው ነው። ሦስቱን መቀመጫዎች ለካ፣ መዘነ፣ አሸተተ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አንኳኳ። የወይዘሮ አልጣሽ ሸክላ ሲንኳኳ ተሰነጠቀ። ሹሙ የስንቅነሽን በርጩማ ዞሮ ዞሮ አየውና እንደማፈር ብሎ፣ «ይመቻል?» አላት።

«ለምን አይቀመጡበትም?» አለች ስንቅነሽ።

«ከተቀመጥኩበት ያገለገለ ዕቃ ይሆናል። ያገለገለ ዕቃ አንገዛም።»

«ታዲያ መመቸቱን በምን ያውቃሉ?»

«እኔ እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ» አለ፤ «ለእኛም ወንበር የለንም። ሲመች ምን እንደሚመስል ዘንግቼዋለሁ። እስቲ ንገሪኝ።»

ስንቅነሽ ለደቂቃ ያህል ቁጣዋን ረሳች። ስለ ዋንዛ እንጨት፣ መሐሉ ለምን ጎድጎድ እንደሚል፣ ሦስት እግር ለምን ከአራት እንደሚሻል ነገረችው። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ ሁሉንም ጻፈ።

ውጤቱ ሲሰላ የእኔ ድንጋይ መሪ ሆነ። በጥንካሬ ሙሉ ነጥብ አገኘ፣ በዋጋም ከሁሉ አነሰ፣ የዋስትና ዘመኑም እስከ ዓለም ፍጻሜ ነበር። ስንቅነሽ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ?» አለችኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት፣ ልረዳት ብዬ ነበር ልጎዳት የደረስኩት። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ማጠቃለያው ሰነድ ገና አልተፈረመም። ሲያቀርቡልኝ ሳልፈርም መለስኩት፤ «ፊርማ የጎደለው» ተብዬ ተሰረዝኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ለሌላው ሰው «ፊርማ እንዳትረሳ» ስል የኖርኩ ሰው ስሜ በሰሌዳ ላይ በዚህ ጥፋት ተለጠፈ። ደንበኞቼ ለሁለት ሳምንት አይተውኝ ያልፉ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አንገበገበኝ።

ስንቅነሽ አሸነፈች። አርባ በርጩማ በሃያ ሦስት ቀን ጠረበች። መዳፏ ላይ ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ እንደገና ውሃ ቋጠረ። አባቷ በበኩላቸው ይቆማሉ። ሠላሳ ሰባተኛውን አለፉ። ዕቃው ርክክብ የተደረገው በአርባ ስድስተኛው ጠዋት ነው፤ ግን ወዲያው አልወጣም፤ እያንዳንዱ በርጩማ የመንግሥት ቁጥር ያስፈልገዋል፣ ቁጥር የሚጽፍ ቀለም ደግሞ የለም፣ ቀለም ለመግዛት ጨረታ ይወጣል። ይህን ስትሰማ ስንቅነሽ ቤቷ ሄዳ ብረት አግላ መጣችና አርባውንም ቁጥር በገዛ እጇ እንጨቱ ላይ ተኮሰችው። ሃምሳ አንደኛው ጠዋት ላይ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ ጋሽ ይመኑ ተንገዳገዱ፣ ግን አልወደቁም።

በሃምሳ አራተኛው ጠዋት በርጩማዎቹ ወጡ።

ሰው መጀመሪያ ፈራ። ዘበኛው፣ «ተቀመጡ፣ ተፈቅዷል» ብሎ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ተቀመጡ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ «እህ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ይመኑ ከዳር ያለችውን መርጠው፣ በእጃቸው ገጽታዋን ዳበስ አድርገው፣ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ መዝጋቢው ከውስጥ እየሮጠ ወጣ። በእጁ የእኔን ደብዳቤ ይዟል።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ አይችሉም።»

«ለምን ልጄ?»

መመሪያውን አነበበላቸው። አቅራቢም ሆነ የአቅራቢ ቤተሰብ ባቀረበው ዕቃ አይገለገልም። ለራሱ ጥቅም አቀረበ እንዳይባል ነው። ከዚያ ደብዳቤውን አሳያቸው። «ወላጅ አባቷ አቶ ይመኑ» ይላል፤ በእኔ እጅ፣ በእኔ ቆንጆ ጽሕፈት። ያን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ኖሮ አባቷ መሆናቸውን መሥሪያ ቤቱ አያውቅም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መዝጋቢው እኛ እንድናዝን አልፈለገም። «መላ አለው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጄ አይደለችም የሚል ወረቀት ቢፈርሙ፣ ቤተሰብ አይሆኑም። ቤተሰብ ካልሆኑ ይቀመጣሉ። አሁኑኑ ያልቃል።»

«ጻፉት» አለችኝ ስንቅነሽ ሳታቅማማ። «ምን ያዩኛል ጋሼ? ይጻፉት እንጂ!»

ጻፍኩት። አጭር ነበር። ሁለት መስመር። ጋሽ ይመኑ ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «እስቲ ድገመው» አሉ። ደገምኩት።

«አባዬ፣ ስድስት ጠዋት ብቻ ነው» አለች ስንቅነሽ። «ሲያልቅ ይቀደዳል።»

«ኧረ እዚህ ቤት ወረቀት አይቀደድም» አለ መዝጋቢው፣ መዋሸት ስለማይችል። «በሌላ ወረቀት ይሻራል። ለመሻር ስድሳ ጠዋት ይቆማሉ።»

ጋሽ ይመኑ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ደገፍ አድርገው ቀና አሉ። «ጉልበቴ ከድቶኛል» አሉ። «በአንድ ቤት ሁለት ክህደት ይበዛል። ወረቀቱን ለሰውየው መልሱለት።»

«አባዬ!»

«አልፈርምም ልጄ።»

ስንቅነሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮኸችባቸው። «ለማን ብዬ ነው ታዲያ? ይህን ሁሉ እንጨት የጠረብኩት ለማን ብዬ ነው? መዳፌን ይዩት! ሰው ሁሉ ተቀምጦ እርስዎ ብቻ ሊቆሙ ነው?» አለችና አለቀሰች። አባቷ መዳፏን ይዘው ዳበሱት። ቆጣሪው ቀርቦ፣ ቀስ ብሎ፣ ሃምሳ አራተኛውን ቋጠሮ ቋጠረላቸው።

ከዚያ ወይዘሮ አልጣሽ ተነሳች። በጨረታው መሸነፏ እስካሁን አልበረደላትም ነበር። «ድሮም የእንጨት በርጩማ አይመቸኝም፤ ይቆረቁራል» አለችና ሄዳ ከጋሽ ይመኑ በስተቀኝ ቆመች፤ ትከሻዋንም አስጠጋችላቸው። በስተግራ አንድ ሰው ተነሥቶ ቆመ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ። ሁለት ሰዎች እንደተቀመጡ ቀሩ፤ አልፈርድባቸውም፣ ጉልበት የየግል ነው። ቆጣሪው ሮጦ ገብቶ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠና ተመለሰ። ሰው ላይ ስለመደገፍ ምንም አልተጻፈም። ጭንቀት የወጠረው ፊቱ ፈካ ሲል አየሁት።

እንዲህ ሆኖ ስድስት ጠዋት ታለፈ። የናሙና ሹሙ የበርጩማዎቹን አገልግሎት ለመገምገም በመስኮት ሲመለከት ሰነበተና ሪፖርት ጻፈ። «ከቀረቡት አርባ መቀመጫዎች ሠላሳ ስምንቱ ባዶ ሆነው ታይተዋል። ሕዝቡ መቆም እንደሚወድ ተረጋግጧል» ይላል። በርጩማዎቹ ወደ ግምጃ ቤት ተመለሱ። ለስንቅነሽም «አቅርባ የምታውቅ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

በስድሳኛው ጠዋት ጋሽ ይመኑን ግራና ቀኝ ደግፈን ወደ መስኮቱ አደረስናቸው። መዝጋቢው ክሩን ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ፣ ከዚያ አዲሱን የውሃ መዝገብ አውጥቶ ከረቡዕና ከዓርብ መሐል በደቃቅ ፊደል ሐሙስን አስገባት። ሳምንቱ ሰባት ቀን ሲሆን ያየን ሰዎች እልል አልን።

«አንድ ጥያቄ ይቀረኛል» አለ መዝጋቢው። «ከእርስዎ በኋላ ውሃው የማን ነው?»

«የልጄ» አሉ ጋሽ ይመኑ። «ስንቅነሽ ይመኑ ብለህ ጻፍ።»

መዝጋቢው ወዲያው አልጻፈም። ከማኅደሩ ውስጥ ያን ባለ ሁለት መስመር ወረቀት አወጣ፤ ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታ፣ የፊርማውን ቦታ፣ ለረጅም ጊዜ አየው። «ይህን ፈርመው ቢሆን ኖሮ፣» አለ፣ «ወራሽ የለም ብዬ ነበር የምጽፈው። ከእርስዎ በኋላ ሐሙስ ተመልሶ ወደ ወንዝ ነበር።»

ጋሽ ይመኑ ይህን አያውቁም ነበር። ስንቅነሽም አታውቅም ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ አባቷን ብቻ ታያለች። መዝጋቢው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ያን ጊዜ ያሳሰበኝ ጉልበታቸው ነበር» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ብዕሩን ነክሮ ስሟን ጻፈ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሰው ሲያመሰግነኝ ያ ወረቀት ይታየኛል። ብልሃተኛ ነኝ ባዩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ማንበብ የማይችሉት ሽማግሌ ናቸው አንብበው የመለሱት።